ያረረ ነው የተቃጠለ?

«ያረረ ነው የተቃጠለ?» አሉኝ፣ መኪናዋን ገና በቅጡ ሳላቆማት።

ልደታ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለ ቅያስ ውስጥ ያለ በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ ነው። ባለቤቱ ስድሳን የተሻገሩ፣ ሰማያዊ ቱታቸው ከመታጠብ ብዛት ወደ ግራጫ የዞረ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ የሚፈልጉ ዓይነት አይደሉምና ሠራተኞቻቸው እንደሚጠሯቸው ጋሼ እላቸዋለሁ። በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ውስጥ አሸተቱና ነው የጠየቁኝ። ጠዋት በስልክ «መኪናዬ የተቃጠለ ነገር ይሸታል» ብያቸው ነበር። እኔ ሁሉን የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ገና ምንም አልተባለም።

«ልዩነት አለው እንዴ?» አልኩ።

«ወጥ አርሮብህ አያውቅም?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ጀመሩት ሥራ ተመለሱ።

ልዩነት አለው። አማርኛ የሚናገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ከወጥ ቤት አውጥቶ ኮፈን ሥር የሚያስገባው ጥቂት ሰው ነው። ወጥ ያርራል እንጂ አይቃጠልም። ቅባትና ፈሳሽ ያለው ነገር ከድስቱ ቂጥ ላይ ቀስ ብሎ ሲይዝ፣ ሲጠቁር፣ ሲከስል፣ ያ ማረር ነው። ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ፀጉር ይቃጠላል። ፕላስቲክ ይቀልጣል፤ ሽታውም ከአፍንጫ ይልቅ ጉሮሮ ይይዛል። ጋሼ ከእነዚህ ሦስት ግሶች የሞተር ካርታ ሠርተዋል። ካረረ ዘይት ነው። ከተቃጠለ ሸራ ነው፣ የፍሬን ወይም የፍሪሲዮን። ከቀለጠ ሽቦ ነው፤ ወይ ደግሞ ከመንገድ ተነስቶ ጭስ ማውጫው ላይ የተለጠፈ ፌስታል፣ ይሄ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ከሁሉም ይበዛል። ጣፈጥ ብሎ እንደ ከረሜላ የሚሸት ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ይፈልጋሉ።

መቼም የጋራዥ ቋንቋ ሲነሳ የሚወራው ስለ ጣሊያንኛው ነው። እውነት ነው፣ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም ሲወጣ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ጥሎ ነው የሄደው። ካንዴላ በአገሩ ሻማ ነው። ማርሚታ ትልቅ ድስት ነው። ፍሪሲዮን ፍትጊያ ነው፤ ቴስታታ ራስ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ግን ጋሼ ዘንድ ሁለት ቀን ውዬ ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ነው። የዕቃው ስም ጣሊያንኛ ይሁን እንጂ የሕመሙ ስም አንድም ሳይቀር አማርኛ ነው። ሞተሩ ያስለዋል፣ ይንተፋተፋል፣ ያቃስታል፤ ዘይት ይጥላል፤ ፍሬኑ ይዟል፤ ማርሹ እምቢ አለ። ዕቃውን ከውጭ ተቀበልነው፣ ሕመሙን ግን እኛው አዳመጥነው። የጋሼ ሙያ ያለው እዚሁ ሁለተኛው መዝገብ ውስጥ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ናት። እ.ኤ.አ. የ1994 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ፣ ባለ 1.6 ሊትር፣ ባለ 16 ቫልቭ። እኔ መንዳት የተማርኩባት፣ ልጆቼ ከሆስፒታል ወደ ቤት የገቡባት፣ እናቴ ደግሞ ከፊት ወንበሯ ላይ የራሷን ትራስ አስቀምጣ የኖረችባት መኪና ናት። ሽታው የጀመረ ሰሞን ቤታችን በአራት ተከፈለ። ልጄ «አይሸትም» አለ። ሚስቴ «ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ነው» አለች። እኔ ሎሚ ሎሚ የሚል ጌጥ ገዝቼ መስታወቱ ላይ ሰቀልኩ፤ እስካሁን የማፍርበት ሥራ ነው፣ ሎሚና ያረረ ዘይት ሲደባለቁ ምን እንደሚሸቱ የማያውቅ ዕድለኛ ነው። እናቴ ብቻ «ድስቱን እዩት እንጂ ዕጣን አታጭሱበት» አለች። ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ በሌላ ጋራዥ «ከላይ ዘይት ይጥላል» ተብሎ የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቀይሮላት ስለነበር፣ እኔ ያ ጉዳይ የተዘጋ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ኮፈኑን አልከፈቱም። ይህን ነው መጀመሪያ ልብ ያልኩት። ሌላ ቦታ ቢሆን መኪና ሳይቆም ኮፈን ይነሳል፣ ሦስት ልጆች ይጎነበሱበታል፣ አንዱ የሆነ ነገር ይነቀንቃል። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና መጠየቅ ጀመሩ። የሚሸተው ስትሄድ ነው ስትቆም? ስትቆም። መብራት ላይ ነው ወይስ ቤት አቁመህ ስትወርድ? ሁለቱም። ሞተሩ ሳይሞቅ ይሸታል? አይሸትም፤ ከቤት ወጥቼ ሜክሲኮ አካባቢ ስደርስ ነው የሚጀምረው። ዳገት ላይ ይብሳል? አላስተዋልኩም። «እሺ፣ ውስጥ ነው ውጭ?» ይህ አልገባኝም ነበር።

ሞተሩን አስነስተው እስኪሞቅ ካስጠበቁኝ በኋላ ከዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ ዘንግ ወደ ውስጥ ዙር እንድገፋው አዘዙኝ። ሽታው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀነሰ። መልሼ ወደ ውጭ አየር ስከፍተው መጣ። ከዝናብ መጥረጊያዎቹ ሥር ያለው ወንፊት ነው አየሩን ወደ ውስጥ የሚያስገባው፤ የኮፈኑ ጀርባ ከእሱ በላይ ነው። መኪናዋ ስትሄድ ነፋሱ የሞተሩን ትነት ከሥር ጠራርጎ ይወስደዋል። ስትቆም ግን የራዲያተሩ ማራገቢያ ይነሳና ሙቀቱን ሁሉ ከፊት ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ሽታው ወደዚያ ወንፊት ይገባል። በዚህች አንዲት ዘንግ ጋሼ ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለውን የሽቦ ጫካ በሙሉ ከጥርጣሬ አወጡት። አንድ ብሎን ሳይፈቱ የመኪናዋ ግማሽ ንጹሕ ሆነ።

ከዚያ ጥለውኝ ወጡ። ቅያሱ መጨረሻ ላይ ካለች ቡና ሻጭ ዘንድ ቆመው አየኋቸው፤ ቡና ግን አላዘዙም። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው ተመለሱ። ረዳታቸውን፣ ቁልፍ አቀባዩን ልጅ፣ ምን እያደረጉ እንደነበር ጠየቅሁት። «አፍንጫቸውን ሊያሳርፉ ነው» አለኝ። ሰው አንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ያንን ሽታ ማሽተት ያቆማል፤ የአሳ ነጋዴ አሳ አይሸተውም። ጋሼ ይህን በማንም ላብራቶሪ አልተማሩትም፣ ግን ደንብ አድርገውታል። መኪና የሚያሸቱት ከውጭ አየር ላይ ሲመጡ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትንፋሾች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አያምኑትም። በዚያ ሰዓት ጋራዡ ውስጥ የቤንዚን ጄሪካን የከፈተ ልጅ ቢኖር ወዮለት!

ኮፈኑ ሲከፈት ጎንበስ ብለው ሁለት ጊዜ ሳቡ። «አሯል» አሉ። በቃ።

በዚህ ሞተር ላይ ጭስ ማውጫው በፊት በኩል፣ ከራዲያተሩ ጀርባ ነው የተቀመጠው፤ የላይኛው ክዳን የፊት ጠርዝ ከበላዩ ነው። ከጠርዙ የወረደች እያንዳንዷ የዘይት ጠብታ የምታርፈው ብዙ መቶ ዲግሪ በሚሞቅ ብረት ላይ ነው። የሞተር ዘይት ደግሞ 200 ዲግሪን አለፍ ሲል ይጨሳል። ስለዚህ ለመሽተት ብዙ ዘይት አያስፈልግም፤ መሬት ላይ ምንም ሳይንጠባጠብ፣ የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ላይም ጉድለት ሳይታይ፣ ቤተሰብ በሙሉ መስኮት ከፍቶ እንዲሄድ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ጋሼ አንዲት ክብ የመላጫ መስታወት ከባትሪ ጋር ይዘው ጠርዙን ከሥር አሳዩኝ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ መስመር። ከመስመሩ ጋር ደግሞ ቀይ ሲሊኮን፣ ከክዳኑ ዙሪያ እንደ ተጨመቀ የጥርስ ሳሙና ተንዘላዝሎ።

ከስድስት ወር በፊት የሠራውን ሰው አልሰደቡም። ሲሊኮኑን በጥፍራቸው ላጥ አድርገው አዩና «ቸኩሏል» ብቻ አሉ። ሲሊኮን በዝቶ ሲገባ ወደ ውጭ የወጣው መልክ ነው የሚያበላሸው፤ ወደ ውስጥ የወጣው ግን ተቆርሶ ወደ ዘይቱ ማጠራቀሚያ ይወርድና የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ያኔ ሽታ አይደለም ችግሩ።

እኔ አሁን ክዳኑ የሚፈታ መሰለኝ። ነገሩ ታውቋል፤ ዘይት ይጥላል፣ ጓርኒሲዮን ይቀየራል። ልጁም የ10 ቁልፍ ይዞ ቀርቧል። ጋሼ ግን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። «ስድስት ወር» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስላል። «ቢቸኩልም ስድስት ወር ትንሽ ነው።»

ከደረት ኪሳቸው አንድ ያረጀ የሎተሪ ቲኬት አወጡ። ሞተሩን በሚኒሞ አስነስተው፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈቱና ቲኬቱን አፉ ላይ አስተኙት።

ጤነኛ ሞተር ወረቀቱን ቀስ ብሎ ይስበዋል፤ ወረቀቱ ከአፉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የእኛ ሞተር ቲኬቱን አንቀጠቀጠው፣ ጠርዙን አነሳው፣ ከዚያ ተፋው። ልጁ አየር ላይ ቀለበው፤ ይህ ሥራው እንደሆነ ያስታውቃል። ጋሼ ደገሙት። ደግሞ ተፋው። «አየህ፣ መተንፈሻው ታፍኗል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ሲነድ ከጭሱ ጥቂቱ በፒስተኑ ቀለበቶች አጠገብ እየሾለከ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። አዲስ ሞተርም ይህን አያመልጥም። ያ የታፈነ ትንፋሽ መውጫ ስለሚያስፈልገው ከላይኛው ክዳን ላይ አውራ ጣት የምታህል ቫልቭ አለች፤ በቀጭን ጎማ ትቦ በኩል ትንፋሹን ወደ አየር መሳቢያው ትመልሰዋለች፣ ሞተሩም መልሶ ያነደዋል። ቫልቯ በጥላሸት ስትደፈን ግፊቱ ሆድ ውስጥ ይጠራቀምና የሚደክመውን ጠርዝ ፈልጎ ዘይቱን በዚያ ይገፋል። ከዚህ በኋላ ጓርኒሲዮን መቀየር፣ እሳቱን ሳይቀንሱ የገነፈለ ድስት ላይ ክዳን እየለዋወጡ መሞከር ነው። ያኛው ጋራዥ የቀየረው ክዳኑን ነበር።

ቫልቯን ነቀሏትና ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ነቀነቋት። ጤነኛዋ እንደ ጸናጽል ትንሽ ቃጭል ቃጭል ትላለች። የእኛዋ ዝም አለች። ልጁ እሷን በእጁ ይዞ ወደ ሶማሌ ተራ ሄደ፤ ስም አልተነገረውም፣ ቁጥር አልተጻፈለትም፤ «ይህችን የምትመስል፣ የምትጮህ» ነው የተባለው። ከእሷ ጋር ጓርኒሲዮን እንዲያመጣ ታዘዘ።

ልጁ እስኪመለስ የሠሩት ሥራ ማጠብ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ያየሁት ይህንን ነው። የክዳኑን ዙሪያ በናፍጣና በብሩሽ፣ ከዚያ በጨርቅ፣ ከዚያ እንደገና። ክዳኑ ገና አልተነሳም። ለምን ሳይነሳ እንደሚታጠብ እስኪገባኝ ቆየሁ፤ ሲነሳ በጠርዙ ያለው አሸዋና ጥላሸት ቫልቮቹ ላይ እንዳይረግፍ ነው። ካጠቡ በኋላ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ነው ብሎኖቹን የፈቱት። ክዳኑ እንደተነሳ፣ ከሥሩ የሚያበራው የሞተር ራስ ለአፍታ ታየና በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተሸፈነ፤ የሥጋ ነጋዴ ወይም የቄስ ጥንቃቄ ነው የሚመስለው። አሮጌው ጓርኒሲዮን ሲወጣ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ጎማ መሆን የነበረበት ነገር እንደ ደረቅ ፓስታ ቀጭ አለ።

ክዳኑ አልሙኒየም ስለሆነ በካቻቢቴ አይፋቅም። አንድ ጭረት ለዘይት አንድ ቦይ ነው። ጋሼ ለዚህ የሚጠቀሙት መፋቂያ ነው፤ ጥርስ የምንፍቅበትን እንጨት፣ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ የላላውን። (ማን እንዳኘከው አልጠየቅሁም።) በጓርኒሲዮኑ ቦይ ውስጥ ጎንበስ ብለው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ የቀይ ሲሊኮኑን ቅሪት ስንዝር በስንዝር ሲያወጡ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሌላ መኪና ያመጣ ደንበኛ ሁለት ጊዜ መጥቶ «አልጨረሱም ጋሼ?» አለ። ሁለት ጊዜም አልመለሱለትም።

ልጁ ሁለት ጓርኒሲዮን ይዞ መጣ፣ ለምርጫ። ጋሼ በመጀመሪያው ላይ ጥፍራቸውን ጫን አድርገው ለቀቁ። ምልክቱ ቀረ። በሁለተኛው ላይ ያደረጉት ምልክት ዓይናችን እያየ ጠፋ። ሁለተኛውን ደግሞ በቦዩ ላይ ሳይጫኑ አስተኙት፤ በራሱ ክብደት ጥግ ጥጉን ይዞ ገባ። የመጀመሪያው ሲሞከር አንድ ጥግ ላይ ጎበጥ ብሎ ቀረ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ትርፍ። «ሲገፉት ይገባል» አለ ልጁ። «የተገፋ ነገር ይመለሳል» አሉና ለሻጩ እንዲመልስ ሰጡት።

ሲሊኮን ተጠቀሙ፣ ግን የግማሽ ክበብ ቅርጽ ያለው ጠርዝ ከቀጥተኛው ጋር በሚገናኝባቸው ጥጎች ላይ ብቻ፤ በእያንዳንዱ ጥግ የስንዴ ቅንጣት የምታህል። ከዚያ ማጥበቅ መጣ። የጎማ ብሎን በዚህ መኪና የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፤ የዚህ ክዳን ግን 10 እንኳ አይሞላም። የመካኒክ ክንድ ለጎማ ብሎን የለመደ ስለሆነ ብዙ ክዳን የሚበላሸው በጥንካሬ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ይጨፈለቃል፣ አልሙኒየሙ ይጣመማል። ጋሼ የቁልፉን እጀታ ጫፍ አልያዙም። አንገቱ ላይ፣ በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ብቻ ይዘው፣ ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር አጠበቁ። በሦስተኛው ዙር ቁልፉ ሲንቀሳቀስ አይታይም ነበር። ትከሻቸው ግን ዝቅ ሲል አየሁ፤ የጨረሱት ያኔ ነው።

«ላስነሳው?» አልኩ።

«ነገ።»

ሲሊኮኑ መያዝ ነበረበት። በማግስቱ ስመጣ የክዳኑ ዙሪያ ሁሉ ነጭ ነው። ጠመኔ ፈጭተው ነስንሰውበታል። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ሠራ፣ ማራገቢያው ሁለት ጊዜ ተነስቶ ቆመ፣ ጋሼ ደግሞ ያችን መስታወት ይዘው ዞሩ። ዘይት በጠመኔ ላይ ቢወጣ እንደ ቀለም እስክሪብቶ ቦታውን በትክክል ይጽፋል። የተጻፈ ነገር አልነበረም። የሎተሪ ቲኬቷ መጣች፤ አፉ ላይ ተኛች፣ መሃሏ ወደ ውስጥ ጎድጎድ አለ፣ ተጣበቀች። ጋሼ በሁለት ጣታቸው አንስተው፣ ጠርገው፣ ወደ ኪሳቸው መለሷት። ዕጣው ወጥቶላት እንደሆነ ልጁን ብጠይቀው «ቁጥሩን አይተውት አያውቁም» አለኝ።

«ለሦስት ቀን ይሸታል» አሉኝ ስወጣ። «በብረቱ መከለያ ውስጥ የገባው ዘይት ነዶ እስኪያልቅ ነው። በሦስቱ ቀን አትደውልልኝ። በአራተኛው ከሸተተ ሌላ ነገር ነው።»

በአራተኛው ቀን ሸተተ።

እሑድ ነበር፤ እናቴን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል እያመጣኋት፣ ቁልቁለቱን ጨርሰን ሽሮ ሜዳ ስንደርስ። እኔ መሪውን በንዴት መታሁት። እናቴ ግን አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ዝም አለችና ስልኬን እንድሰጣት ጠየቀች።

«ልጄ» አለች ጋሼን፤ ስድሳ ዓመት የዘለለው ሰው ለእሷ ልጅ ነው። «ይሄኛው ያረረ አይደለም። የተቃጠለ ነው። የበግ ፀጉር ዓይነት።»

ከወዲያ ረዘም ያለ ዝምታ ተሰማ። «በየት በኩል ነው እማማ?»

«በእኔ በኩል። ከእግሬ ሥር።»

ጎሐ ጽዮን ላይ ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ በከባድ ማርሽ በመውረድ ፈንታ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ የወረደ የጭነት መኪና ገና ሳይታይ ከሽታው ይታወቃል። እኔ ግን ከእንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ ነበር የወረድኩት። በማግስቱ ጋሼ ራሳቸው ነዷት፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል፣ ፍሬን ከነጭራሹ ሳይነኩ በማርሽ ብቻ እየቀነሱ። ተመልሰው ወረዱና የእጃቸውን ጀርባ ወደ አራቱም ጎማ አስጠጉ። ከዚያ ጣታቸውን ውሃ ነክረው በየቸርኬው ላይ ጠብ አደረጉ። የፊት ቀኙ «ጭስስ» አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ፍሬን ያልነካ ጎማ ግን እዚያ አጠገብም መድረስ የለበትም።

በክሪክ ተነስቶ በእጅ ሲዞር ጎማው አልዞር አለ፤ ፍሬኑ ይዟል። እዚህ ላይ መንታ መንገድ አለ። ወይ የፍሬን ጎማ ትቦው በእርጅና ከውስጥ አብጦ የፍሬን ዘይቱን አሳልፎ መመለሱን ከልክሏል፣ ወይ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል። ብዙ ሰው ሁለቱንም ይቀይራል። ጋሼ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ሩብ ዙር ላላ አደረጓትና ጎማውን እንደገና ሞከሩት። ትቦው ቢሆን ኖሮ የታገተው ግፊት በዚያ ሲወጣ ጎማው ይለቅ ነበር። አልለቀቀም። ስለዚህ ትቦው ነጻ ወጣ፤ ፒኖቹ ተከሰሱ።

ሲፈታ የታችኛው ፒን ጎማ ልባስ ተቀዶ ጭቃ ገብቶበት፣ ፒኑ ዝጎ ተገኘ። የውስጡ ሸራ ብረቱን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ የውጭው ግማሹን እንኳ አልጨረሰም። ልጁ መዶሻ አነሳ፣ ጋሼ ወሰዱበት። ፒኑን በቁልፍ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ እያሉ፣ በየመሃሉ ዘይት ጠብ እያደረጉ፣ ከዝገቱ አግባብተው አወጡት። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ አዲስ ልባስ አልብሰው፣ የፍሬን ቅባት ቀቡት፤ ተራ ግሪስ ጎማውን ስለሚያሳብጠው ያንን ጋራዥ ውስጥ ከፍሬን አጠገብ አያስደርሱትም። የግራውንም ፈትተው ያንኑ አደረጉለት፣ ሸራውም በሁለቱም በኩል ተቀየረ።

ሒሳብ ስጠይቅ የሸራውንና የልባሱን ዋጋ ብቻ ነገሩኝ። የእጅ ዋጋስ ስላቸው ፊታቸውን አዞሩ። «ያኔውኑ ጎማዎቹን አዙሬ ማየት ነበረብኝ» አሉ። «ያረረው የተቃጠለውን ሸፍኖት ነበር። አፍንጫዬ አንዱን ሲያገኝ ቆመ።» እንደ ይቅርታም አልነበረም፤ አንድ መለኪያ ልክ እንዳልሆነ ያገኘ ሰው አነጋገር ነበር። ልጁንም ጠርተው ይህንኑ ደገሙለት።

ከዚያ ለእናቴ መልእክት ሰጡኝ። በሚቀጥለው እሑድ ከእንጦጦ ስንወርድ ሽሮ ሜዳ ላይ ቆመን በሁለቱም የፊት ቸርኬ ላይ ውሃ ጠብ እንድናደርግ። ከቁልቁለት በኋላ ሁለቱም መሞቃቸው ያለ ነው፤ የሚፈለገው እኩል መሆናቸው ነው።

እሑድ ቆምን። እናቴ ጭኗ ላይ የጠበል ጄሪካን ይዛለች። እጄን ስዘረጋ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ወርጄ ከሱቅ አንድ ሃይላንድ ገዛሁ። ትራሷን አስተካክላ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ራሷ ወረደች። ምጣድ ላይ ውሃ እንደምትረጭ ጣቶቿን ነክራ በቀኙ ላይ ረጨች። ዞራ በግራው ላይ ረጨች። ጠብታዎቹ ቸርኬው ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ፤ አንዷ ቀስ ብላ ወረደች። እናቴ ጎንበስ ብላ ሁለቱን አንድ በአንድ ካየች በኋላ እጇን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች።

«ምጣዱ ገና ነው» አለችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።